የውሰት ዓይን

ያምሮት ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ያደሩበትን ክፍል መጋረጃ ገለጥ ብታደርግ፣ ትናንት በገዛ እጇ ምስማር መትታ የሰቀለችው የአባቷ ፎቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አገኘችው። ምስማሩ እንዳለ ነው፣ ክሩም አልተበጠሰም፤ ብቻ ቡናማው የካርቶን ጀርባ ወደ ቤቱ ዞሮ፣ አባቷ የጭቃውን ግድግዳ ይመለከታሉ። እናቷ ወይዘሮ እናትነሽ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ተከናንበው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ለተዝካሩ የጎደለውን ሊሸምቱ ሐሙስ ዕለት ከገጠር ወደ ፍኖተ ሰላም መጥተው፣ ዛሬ ከልጃቸው ጋር ሊመለሱ ነው። ቅመሙም፣ ጧፉም፣ ስኳሩም በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ በሩ ሥር ተቀምጧል። ነገ እሑድ የአቶ ዳኘው አርባ ነው።

«እማ፣ ይኸን ማን አዞረው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምነው?»

«ሰው ቁልጭ ብሎ እያየኝ እንዴት ልተኛ፣ ልጄ?»

ያምሮት ኀዘኑ ነው ብላ አሰበችና ፎቶውን ወደ ቦታው መለሰችው። «አባዬ እኮ ናቸው» አለች። ወይዘሮ እናትነሽ አንዴ ቀና ብለው አዩና፣ እንግዳ ወንድ ቤት ሲገባ እንደሚያደርጉት ነጠላቸውን ይበልጥ ወደ ፊት ሳቡት። «ጋቢው የሱ ነው» አሉ። ደግመውም «ጢሙም የሱ ነው» አሉ። የጎጃም እናት ነገር ሲከፋት ግማሹን ትናገርና ግማሹን ለሰሚው ትተዋለች። ያምሮት የተተወላትን ለመፍታት አልተቸገረችም። ፎቶው ላይ ያሉት ዓይኖች የአባቷ አይደሉም፤ የአጎቷ የአቶ ዘሩ ናቸው። የለጠፈቻቸውም ራሷ ነች።

አቶ ዳኘው በሰባ ዓመት ዕድሜያቸው ካሜራ ፊት የቀረቡት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው ለመሬት ደብተር የተነሱት ጉርድ ፎቶ ሲሆን፣ እሱም አንድ ክረምት ቤቱ ሲያፈስ ረጥቦ ከትከሻቸው በቀር ሁሉ ነገር ነጭ ሆኗል። ሁለተኛው በዚሁ በ2001 ጥር፣ የያምሮት አክስት ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ያምሮት የፎቶ ክበቧን ዲጂታል ካሜራ ተውሳ ሄዳ ሦስት ጊዜ አነሳቻቸው፤ በሦስቱም ጨፍነዋል። ከሁለት ዓመት በፊት የዓይን ሞራ ሲገፈፍላቸው ሐኪሙ «ኃይለኛ ብርሃን እንዳያገኝዎት ይጠንቀቁ» ብሏቸው ነበር። ሐኪሙ ለሳምንት ያህል ማለቱ ነው፤ አቶ ዳኘው ግን የሐኪምን ቃል እንደ ንስሐ አባት ቃል የሚይዙ ሰው ነበሩና ዕድሜ ልክ ነው ብለው ያዙት። ልጃቸው ካሜራውን ባነሳች ቁጥር ብልጭታው ሳይመጣ ቀድመው ጥርቅም ያደርጋሉ። «አባዬ፣ ይግለጡ እንጂ» ስትላቸው፣ «አንቺስ ሌላ ፎቶ ታገኛለሽ፣ እኔ ያለችኝ ዓይን ይቺው ናት» አሉና እንደ ጨፈኑ ሳቁ። ፋሲካን ከቤታቸው ፈስከው ሦስት ቀን ሳይሞላ አረፉ።

በዚያ አገር አሁን አሁን ፎቶ የሌለው ተዝካር ጎዶሎ ነው። ሥዕሉ ከዳሱ ራስጌ ይቆማል፣ አልቃሿ በስሙ ስትጠራው እጇን ወደሱ ትዘረጋለች፣ ዘመድም ሲገባ ለሥዕሉ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። የጨፈነ ፎቶ ቢቆም ሰው ምን ይላል? «ገንዘውት ነው እንዴ ያነሱት?» ይላል። ወንድሞቿም፣ አክስቶቿም «አንቺ የከተማ ልጅ ነሽ፣ ኮምፒውተሩ እጅሽ ላይ ነው፣ መላ ፈልጊለት» ብለው በሷ ላይ ጣሉት። ያምሮት በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነች። ገጠር ላሉት ዘመዶቿ ኮምፒውተር የነካች ሁሉ የሞተ ማስነሳት ባይሆንላት እንኳ የጨፈነ መግለጥ አያቅታትም።

መላው የተገኘው ከክበቡ ነው። የክበቡ ስም ከአባላቱ ይበልጣል፤ «የፍኖተ ሰላም የፎቶግራፍና የኮምፒውተር ወዳጆች ክበብ» ይባላል፣ አባላቱ ግን ዘጠኝ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በወጣቶች ማእከሉ ጓዳ፣ ሁለት ኮምፒውተር ባለበት፣ አንዱም ጎኑን በመዳፍ ካልመቱት በማይነሳበት ክፍል ይሰበሰባሉ። መሪያቸው የፊዚክስ አስተማሪው መምህር ይሄይስ ነው። አጭር፣ ሸሚዙን ሁልጊዜ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ምክር መስጠት ከምሳ የሚበልጥበት ሰው ነው። ምክሩንም ሕግ ብሎ በትልቅ ወረቀት ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፏል። የካሜራው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ካርድ አይነቀልም። ሰውን መስኮት አስደግፎ ማንሳት ፊቱን ማጥቆር ነው። ፎቶ በስሙና በቀኑ ይቀመጥ፤ «አዲስ ፎልደር አንድ» ብሎ መተው ልጅን «አንተ» ብሎ ክርስትና ማንሳት ነው። ፍላሽ ቫይረሱ ሳይጸዳ አይከፈትም። ዘር በአንድ ጎተራ አይቀመጥም፣ ፎቶም እንደዚሁ። ስድስተኛው ሕግ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ሲሆን «ዋናውን ሳትገለብጡ አትንኩ» ይላል። ሰባተኛውና የመጨረሻው «የሰውን መልክ ከነካካችሁ፣ መነካካታችሁን ለባለቤቱ ንገሩ» የሚል ነው። ያምሮት እነዚህን ሁለቱን በአንድ ከሰዓት አፈረሰቻቸው።

ያን ቀን ብቻዋን ነበረች። ከአባቷ ሦስት ፎቶዎች የጠራውን አስቀርታ ሁለቱን አጠፋቻቸው። የሠርጉን ፎቶዎች አንድ በአንድ እየከፈተች ለአባቷ የሚሆን ዓይን ፈለገች፤ ያገኘችውም የአጎቷን ነው። የሁለቱ ወንድማማቾች ቅንድብ አንድ ነው፣ የዓይናቸው ሥር ሽብሽብም አንድ ነው፣ ቁርጥ አንድ ናቸው። ሁለቱ ሰዎች ግን ከዳሱ አንዱ ከዚህ ጫፍ ሌላው ከዚያ ጫፍ ነበር የተቀመጡት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አቶ ዘሩ በድንበራቸው ላይ ባህር ዛፍ ተክለው፣ የታላቃቸው የአቶ ዳኘው በቆሎ ከድንበሩ እስከ ስድስት እርምጃ ድረስ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሽማግሌ ገባ፣ ቄስ ገባ፤ አንደኛው «ይነቀል» አንደኛው «በመሬቴ ላይ ነው» እንዳሉ ሰላምታ ተነፋፈጉ። ያምሮት ይህን አልዘነጋችም። ግን ዓይን ዓይን ነው፣ ማን ያውቃል ብላ ቆርጣ ለጠፈችው፣ ጠርዙን አለሰለሰችው፣ ቀለሙን አስተካከለችው። ሥራው እውነትም ያማረ ነበር።

ጥፋቱ የመጣው ከእጇ ልማድ ነው። መብራት በቀን ሦስት ጊዜ በሚሄድበት ከተማ አሥር ዓመት ደብዳቤ የጻፈች ሰው፣ ግራ እጇ ሳታዘው ይሠራል፤ አንድ መስመር ጨርሳ ሴቭ፣ ስም ጽፋ ሴቭ፣ አስነጥሷት ሴቭ። ይህ ልማድ ስንቱን ሪፖርት ከመጥፋት አድኖታል። ያን ከሰዓት ግን ሁለቱ ጣቶቿ በየደቂቃው ሄደው ሴቭ ሲያደርጉ፣ የጨፈኑት አቶ ዳኘው ከኮምፒውተሩ ላይ ጠፍተው፣ በሳቸው ቦታ በወንድማቸው ዓይን የሚያዩት አቶ ዳኘው ብቻ ቀሩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን ማፍሰሷንም አላወቀች። ፎቶው በፍላሽ ባሕር ዳር ተልኮ፣ በትልቁ ታትሞ፣ በመስታወት ተገጥሞ ትናንት ዓርብ እስኪመጣ ድረስ ለማንም አልተናገረችም። እናቷም ሲያዩት ደስ ይላቸዋል ብላ ከራስጌያቸው ሰቀለችው።

አሁን ቆማ ስታስበው ፊቷ ጋለ። ለአርባ ዓመት አብረው የኖሩ ሴትን በውሰት ዓይን አታልላለሁ ማለት ምን ማለት ነው? ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠችና «እማ፣ ልቀይረው ልሞክር። ግን ጨፍነው ነው ያሉት» አለች። ወይዘሮ እናትነሽ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እያፍተለተሉ ቆዩና «ይጨፍን። እሱ ይሁን እንጂ ይጨፍን» አሉ። ከደጅ ወደ ገበያ የሚነዱ ፍየሎች ድምፅና የሰዎች «በዚህ በዚህ» ይሰማል። ወይዘሮ እናትነሽ የቡሬው መኪና ከስምንት ሰዓት በኋላ ይጠፋል ብለው ነበር፤ ያምሮት ከሰባት ሰዓት በፊት መናኸሪያው በር ላይ እደርሳለሁ ብላ ፎቶውን ከምስማሩ አውርዳ በጋዜጣ ጠቅልላ ወጣች።

ክበቡ ስትደርስ ትምህርቱ ተጀምሯል። መምህር ይሄይስ ለስድስት ሰዎች ከብርሃን ጋር ስለመጋፈጥ እያስተማረ ነው። ያምሮት በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፤ ጨፍነው እንደነበር፣ የማንን ዓይን እንደወሰደች፣ ሴቭ እንዳደረገች፣ እናቷ ወደ ግድግዳ እንዳዞሩት። ይቆጣኛል ብላ ነበር። መምህር ይሄይስ ግን ጠመኔውን አስቀምጦ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና «ዋናው ካርዱ ላይ የለም?» አለ። የካሜራው ካርድ እዚያው ከተቀመጠው የክበቡ አባል፣ ከከተማው የፎቶ ቤት ባለቤት ከባንተአምላክ ጋር ነበር። ባንተአምላክ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሰው ሲያነሳ «ፈገግ በሉ፣ ዕዳ የለባችሁ» የሚል ሰው ነው። አሁን ግን ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደ።

«ሐሙስ ክርስትና ላነሳ ስሄድ ሞልቶብኝ ፎርማት አደረግሁት» አለ። «የሠርጉ ኮምፒውተሩ ላይ አለ ብዬ እኮ ነው።»

«ልክ ነህ፣ ነበረ» አለች ያምሮት።

ባንተአምላክ ጥፋተኛ ያልሆነ ሰው እንደሚያዝነው አዘነ፤ ይህም ከሌላው ኀዘን ይከብዳል። «አባትሽን እኮ አውቃቸዋለሁ። ቤቴ መጥተው ለስልኬ ቻርጀር ግድግዳ አትቅደድ ብለው መክረውኛል» አለ። ሌሎቹ አባላት ጫማቸውን ያያሉ። መምህር ይሄይስ ብቻ ዓይኑ በራ፤ እንዲህ ያለ ችግር ሲያገኝ እንደ ሌላው ሰው መጨነቅ አይችልበትም። «ከፎርማቱ በኋላ ስንት አነሳህ?» አለ። «ሃያ ስድስት» አለ ባንተአምላክ። «ካርዱ መቶ ሰማንያ ይይዛል። እንግዲህ ስሙኝ። ፎርማት ማለት ቤቱን ማፍረስ አይደለም፤ በሩ ላይ የተጻፈውን ስም መፋቅ ነው። አዲስ ተከራይ እስኪገባ ድረስ አሮጌው ሰውዬ ውስጥ ተቀምጧል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ ይቺ ካርድ ከሁለቱም ትብሳለች። ብቻ ከአሁን በኋላ ማንም በዚህ ካርድ አንድ ፎቶ እንዳያነሳ።»

በክረምት ትምህርት ባሕር ዳር ሄዶ ከጓደኛው የገለበጠው የጠፋ ፎቶ የሚፈልግ ፕሮግራም በፍላሹ ላይ ነበረው። ፍላሹን ሰክቶ ቫይረሱን ሳያጸዳ አልከፈተም፤ ሰው እየተቃጠለም ቢሆን አራተኛው ሕግ ሕግ ነው። ሦስት ቫይረስ አገኘ፣ ገደላቸው፣ ከዚያ ካርዱን አስገብቶ ፍለጋውን ለቀቀው። ማሽኑ በመቶ አንድ፣ በመቶ ሁለት እያለ ሽቅብ መጓዝ ጀመረ። አምስት ሰው በማይችል ክፍል ስምንት ሰው በአንድ ስክሪን ዙሪያ ቆሞ ይጠብቃል። ባንተአምላክ ላብ ላብ አለው። «አደራችሁን፣ መብራት እንዳይሄድ ብቻ» አለ። ይህን ባለ በደቂቃው አምፖሉ ደብዘዝ፣ ቦግ አለ፤ የያምሮት ግራ እጅ ሳታዘው ተስቦ ወደ ሴቭ ሄደ። መምህር ይሄይስ የእጇን አንጓ ቀለብ አደረገና «ኧረ በናትሽ፣ እዚያው ካርዱ ላይ ከጻፍሽበት ሁሉም ነገር ያበቃል» አለ። የወጣውን ሌላ ቦታ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ያምሮት ከዚያ በኋላ ግራ እጇን በቀኝ እጇ ይዛ ቆመች። መብራቱ ሳይሄድ ተመለሰ።

በመቶ አርባ ላይ ፎቶዎች መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ የክርስትናው ሕፃን፣ ከዚያ ሌላ ቀን የተነሳ የበግ ግልገል፣ ከዚያ የሙሽራዋ መዳፍ እንሶስላ እንደ ሞቀ። ወገባቸው ድረስ ብቻ የወጡ ሚዜዎች አሉ፣ የተቀረው ሰውነታቸው ግራጫ ነው። ጭልፋ ብቻ የወጣበት ድግስ አለ። ከአቶ ዳኘው ሦስት ፎቶ አንዱ ጨርሶ አልተገኘም፣ ሁለተኛው ከላይ እስከ ታች ግራጫ ሆኖ መጣ። ያምሮት ዓይኗን ከስክሪኑ አንስታ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ ማንበብ ጀመረች፤ ልቧ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ባንተአምላክ ነው ክንዷን የነካት። ሦስተኛው፣ ያ ዓይን የለጠፈችበት፣ መጥቷል። ከዳሱ ጣሪያ ጀምሮ፣ ሻሽ መሳይ ነጭ ጥምጥማቸው፣ ግንባራቸው፣ ቅንድባቸው፣ ጥርቅም ያሉት ዓይኖቻቸው፣ አፍንጫቸው፣ ጢማቸው እስከሚጀምርበት ድረስ ወጥቷል። ከዚያ በታች ግራጫ ነው። ዓይኖቻቸው ላይ አሥር ሽብሽብ ተሰብስቦ፣ ጉንጫቸው ከፍ ብሎ ሊስቁ እንደሆነ ያስታውቃል። ያምሮት ክበቡ መሃል፣ ሁሉም እያዩአት፣ አለቀሰች፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአባቷ አለቀሰች ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም ከሞቱ ጀምሮ ስትሯሯጥ ነው የቆየችው።

የቀረው ቀላል ነበር። የጎደለው ጢምና ጋቢ ያልተነካካ ስለሆነ ከዚያ ካሳመረችው ፎቶ ላይ ተወስዶ ከተገኘው ፊት ጋር ተጋጠመ፤ ልክ በተቀደደ ጋቢ ላይ ከዚያው ጋቢ እንደሚጣፍ። ይህን ያደረገችው ያምሮት ራሷ ናት፤ መምህር ይሄይስ ከኋላዋ ቆሞ መጀመሪያ ሦስት ኮፒ ካላደረገች ማውሱን አላስነካትም። አንዱን ኮፒ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱን ፍላሹ ላይ፣ አንዱን ሲዲ ላይ አስቀመጡት። «ሲዲውን ለወንድምሽ ስጪው፤ ያንቺ ቤት ቢያፈስ የሱ አያፈስም» አለ። ባንተአምላክ በፎቶ ቤቱ ባለች ማተሚያ፣ ለሰው ሠርግ ባስቀመጠው ወፍራም ወረቀት፣ ቀለሙን ሁለት ጊዜ አስተካክሎ አተመላት። ባሕር ዳር የታተመውን ያህል አይገዝፍም፣ ግን በዚያው ፍሬም ውስጥ በካርቶን ተደግፎ ገባ። ዋጋውን ስትጠይቀው ተቆጣት። የመጀመሪያውን ፎቶ ልትቀደው ስትል ደግሞ መምህሩ ከለከላት፤ አዲሱን ባለቤቱ ሳያየው አሮጌው አይጣልም አለ። ስለዚህ በጋዜጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ወይዘሮ እናትነሽ መናኸሪያው በር ላይ ከረጢታቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ያምሮት ፍሬሙን ስትሰጣቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ መስታወቱን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት፣ ከዚያ አዩት። እናቷ መጀመሪያ ሳቁ፤ ድንገት የወጣ፣ አጭር ሳቅ ነው። «ይኸ ሰውዬ» አሉ፣ «ሐኪሙ ያለውን እስከ መቃብሩ ጠበቀ።» ከዚያ እንባቸው መጣ። ወያላው «ቡሬ፣ ቡሬ፣ ሁለት ሰው» እያለ ሲጠራ ሰምተው ሳይሆን አይቀርም፣ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና ተነሱ። «ሬሳ ይመስላል የሚል ቢመጣ እኔ አለሁ፣ እነግረዋለሁ» አሉ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ነው። ሾፌሩ ጎን የተቀመጡ ነጋዴ ዘንድሮ በርበሬ የገዛም የሸጠም ተቃጠለ ይላሉ፤ ከኋላ ያለች ሴት ደግሞ የማዳበሪያ ዋጋ ይጨምራል የሚባለውን ካንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው ታወራለች። ወይዘሮ እናትነሽ ፍሬሙን ጭናቸው ላይ አቁመው፣ መስታወቱን ወደ ሆዳቸው አድርገው ይዘውታል። ማንኩሳን እንዳለፉ አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌ «ምን ሥዕል ነው፣ እመቤቴ?» ቢሏቸው «የቤቴ ባለቤት ነው» አሉ እንጂ አላሳዩም። ያምሮት ስለ መጀመሪያው ፎቶ ይቅርታ ልትጠይቅ ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች። እናቷ ከመስኮቱ ውጭ አዲስ የታረሰውን መሬት እያዩ ነበርና ሦስት ጊዜም ዘጋችው።

ቡሬ ከመግባታቸው በፊት ወርደው፣ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ሄደው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱ። ከረጢቱን መንገድ ላይ ያገኟቸው ጎረቤቶች በአህያ ጫኑላቸው። ያምሮት ከሩቅ የአባቷን ማሳ ስታይ አንድ ነገር ጎደለባት፤ ምን እንደሆነ ወዲያው አልመጣላትም። ሰማዩ ሰፍቷል። በድንበሩ ላይ በረድፍ ቆሞ የነበረው ባህር ዛፍ የለም። የዘጠኝ ዓመት ዛፍ ከሥሩ ተጨፍጭፎ፣ ነጫጭ ጉቶው ብቻ ከዳር እስከ ዳር ተደርድሮ፣ ቅጠሉ ተከምሮ ይሸታል። ከግቢው ደግሞ ትልቅ ዳስ ቆሟል፤ ምሰሶው፣ ወራጁ፣ ማገሩ ሁሉ ልጡ የተላጠ እርጥብ ባህር ዛፍ ነው። አቶ ዘሩ መሰላል ላይ ሆነው የመጨረሻውን ማገር በልጥ ያስራሉ። ለቀብሩ መጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆመው ነበር የተመለሱት፤ ወንድማቸው ቤት ከገቡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

ሴቶቹን ሲያዩ ከመሰላሉ ወረዱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው «እንዴት ዋላችሁ» አሉና፣ መጥረቢያቸውን አንስተው ሊሄዱ ሆነ።

«ግባ እንጂ፣ ዘሩ» አሉ ወይዘሮ እናትነሽ።

«እጄ ሙጫ ነው፣ እቴቴ። ይደር፣ ነገ እመጣለሁ።»

ወይዘሮ እናትነሽ ዳሱን ከምሰሶ ምሰሶ ቀስ ብለው አዩት። ከዚያ ጉቶዎቹን አዩ። ፍሬሙን በደረታቸው እንደያዙ ወደ ልጃቸው ዞሩና «ያኛው የት አለ?» አሉ። ያምሮት ምኑን እንደሆነ ገባት። «ቦርሳዬ ውስጥ» አለች። «አምጭው» አሉ እናቷ። ጋዜጣውን ራሳቸው ፈቱት፤ ትልቁን፣ ባሕር ዳር የታተመውን፣ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛ ያላቸውን ፎቶ አውጥተው ለአቶ ዘሩ ዘረጉላቸው። «ይኸን አንተ ቤት አስቀምጠው። እኛ ሌላ አለን» አሉ።

አቶ ዘሩ መዳፋቸውን በቁምጣቸው ደጋግመው ጠረጉ። ፎቶውን በጠርዙ ብቻ ይዘው ወደ ምሥራቅ ዞሩ፤ ጀርባቸውን ለምትጠልቀው ፀሐይ ሰጥተው ፎቶውን ብርሃን አሳዩት። ዳሱ ሥር ቅጠል የሚጠርጉት ሴቶችም እጃቸውን አቆሙ። ያምሮት አጎቷ አሁን ያውቁታል፣ አሁን «ይኸ የኔ ነው» ይላሉ ብላ ጠበቀች። ሰው ግን የራሱን ዓይን የሚያየው ስንት ጊዜ ነው? አቶ ዘሩ ቤት መስታወትም የለ።

«አየኝ» አሉ አቶ ዘሩ።



«ዘጠኝ ዓመት መንገድ ላይ ስንገናኝ መሬት መሬቱን እያየ ነው የሚያልፈኝ» አሉ። «በዚያ ሠርግ ላይ እንኳ ቀና ይላል ብዬ ስጠብቅ ዋልኩ። አንድ ጊዜ ይየኝ እንጂ እነቅለዋለሁ ብዬ ነበር፣ ዛፉን። አሁን ይኸው አየኝ።»

ያምሮት ሰባተኛው ሕግ ትዝ አላት። የሰውን መልክ ከነካካችሁ፣ መነካካታችሁን ለባለቤቱ ንገሩ ይላል፤ የዚህኛው ባለቤት ደግሞ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ያለቅሳል። አፏን ከፈተች። እናቷ ወደሷ አልዞሩም፣ ብቻ ቀኝ እጃቸውን ከነጠላው ሥር አውጥተው የልጃቸውን አንጓ ያዙት፤ ጠዋት መምህሩ እንደያዘው ነበር አያያዛቸው።

«አዎ» አሉ ወይዘሮ እናትነሽ። «አየህ።»

ያምሮት መምህር ይሄይስን በልቧ ይቅርታ ጠየቀችና ዝም አለች። እናቷ አንጓዋን ለቀው የቤቱን በር ገፋ አደረጉት፣ እግር የሚታጠቡበትን ገበቴ በእግራቸው ወደ ደጃፉ ሳቡና «ና እንግዲህ፣ ውሃው ሳይቀዘቅዝ» አሉ። አቶ ዘሩ መጥረቢያውን ከምሰሶው አስደግፈው፣ ፎቶውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ከወንድማቸው በር ሥር ጎንበስ ብለው ገቡ።